ከበሮ፣ በገና እና የእማሆይ ጣሪያ፦ የሥራ ማስታወሻ ከአንኮበር መንገድ

ኅዳር 6 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ዛሬ ሥራው ተጀመረ። ማስታወሻ የምይዘው ነገ ሌላ ሰው ቢሞክረው እኛ የት የት እንደተቸገርን እንዲያውቅ ብዬ ነው።

ቦታው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ልጅ ሆኜ አራት ዓመት ተምሬበታለሁ። ዳዊት ደግሜ ዜማ ጀመርኩ፤ ሳልጨርስ ወጣሁ። አሁን ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በር፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን እሠራለሁ።

ተማሪዎቹ ዘንድሮ 23 ናቸው፤ ሁሉም ወንዶች። ትንሹ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ትልቁ ሃያን ተሻግሯል። ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከተጉለት፣ ከቡልጋ የመጡ አሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ከጎጃም። የሚጠራሩትም ባገራቸው ነው፦ መንዜው፣ ጎጃሜው፣ የመርሐቤቴው። በሣር ጎጆ ያድራሉ። ትምህርታቸውን ሲጨርሱ አኩፋዳቸውን አንግበው መንደር ይወርዳሉ። ደጅ ላይ ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላሉ። ያለው ቁራሽ ይሰጣል፤ ያጣው «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ይላል።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እማሆይ አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። እኔንም በልጅነቴ ያበሉኝ እሳቸው ናቸው። ክረምቱን ታመው ተኙ። ልጆቹ ለቁራሽ ሲሄዱ ጣሪያው ያፈሳል፤ ውሃው አልጋቸው ላይ ይንጠባጠባል። እንደዚያም ሆነው እማሆይ ቁራሹን አላስቀሩም። ትልቁ ተማሪ ከተማ ሲመጣ እኔ ዘንድ ጎራ አለና «ጋሼ፣ ከዚያ ቤት የወሰድነው ቁራሽ ቢቆጠር ስንት ይሆናል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

ሐሳባችን ይህ ነው። የተቀደደውን የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ለጥምቀት እናድሳለን። ሁለት በገና እንሠራለን። አንዱ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ለእማሆይ ጣሪያና በመንደሩ ለተኙ ሕመምተኞች ይውላል። ሌላው ለልጆቹ ይቀራል። በዐቢይ ጾም፣ በመፃጉዕ እሑድ፣ ልጆቹ በገናውን ይዘው ሕሙማንን ይጠይቃሉ።

የኔታን ማስፈቀድ ከባድ መስሎኝ ነበር፤ በገና የዜማ ቤት ትምህርት አይደለምና። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ከጾመ ድጓቸው እንዳያጎድሉብኝ» አሉ፤ የዐቢይ ጾሙን ዜማ ማለታቸው ነው። «ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት እሰጥሃለሁ። በሰንበትና በበዓል መሮ አይነሳም።» ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ኅዳር 13

እንጨት ገዛን። ለበገና ገበቴ፣ ድምፁ ለሚወጣበት ሣጥን፣ ብዙ ባለሙያ የሚመርጠው ዋንዛ ነው። ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ ድምፅም ያወጣል። ችግሩ እኛ ደጋ ነን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ዋንዛ እዚህ ብርድ ውስጥ አይበቅልም። በእኛ ዘንድ ያለው ጥድና ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ከሸዋ ሮቢት በኩል ከሚመጣው አስመጣሁ፤ ሁለት ወፍራም ጉማጅ። አውታሩን ለሚወጥሩት መቃኛዎች ወይራ አለኝ፤ ከድሮ በር የተረፈ፣ አጥንት የመሰለ።

ጉማጆቹ ገና እርጥብ ናቸው። ለመፈልፈል እርጥቡ ይሻላል። ለማድረቅ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ኅዳር 20

መሮ ይዘው የማያውቁ ልጆች መሮ ያዙ። በመጀመሪያው ሰዓት አራት ጣት ተመታ። ከዚያ እጃቸው ለመደ።

የበገና ገበቴ ከአንድ ጉማጅ ነው የሚፈለፈለው። ሰሌዳ አጣብቀው የሚሠሩም አሉ፤ እኔ ግን ልጆቹ የጥንቱን መንገድ እንዲያዩ ፈለግሁ። ግድግዳው የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ሲቀር መዶሻውን ትተን በቀስታ በመሮ ብቻ እንልጣለን። ግድግዳው ከወፈረ በገናው ይታፈናል፤ ከሳሳም የአውታሩን ጉተታ አይችልም። በጣት አንኳኩቶ መስማት ነው። ትንሹ ልጅ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ «አሁን ሌላ ሆነ» ይላል፤ እውነትም ሌላ ሆኗል።

አንድ ነገር ልጻፍ። ልጆቹ ሲሠሩ ዝም አይሉም። የቀኑን ቀለም፣ የዕለቱን ትምህርት ማለት ነው፣ ያዜማሉ። መዶሻው በዜማው ይወርዳል። አንዱ ሲሳሳት የኔታ ከጎጇቸው ሆነው «አይደለም፣ መልስ!» ይላሉ። ሃያ ሜትር ርቀው፣ በዚያ ሁሉ የመዶሻ ድምፅ መሃል፣ አንዲት ስሕተት አታመልጣቸውም። ልጁ ይመልሳል፤ መዶሻውም አብሮ ይመለሳል። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የሚባሉትን የያሬድን ዜማዎች ልጅ ሆኜ በቃል ብቻ ነበር የማውቃቸው። ዛሬ ሥራ ላይ ሆኜ ስሰማ አራራይ ለምን ሆድ እንደሚያባባ ገባኝ።

ታኅሣሥ 4

መጥፎ ቀን ነው። የመጀመሪያው ገበቴ ተሰነጠቀ።

ባለፈው ሳምንት ፈልፍለን ጨርሰን በጎጆ ውስጥ አስቀምጠነው ነበር። ቶሎ ይደርቅልን ብሎ አንዱ ልጅ ቀን ቀን ፀሐይ ላይ አውጥቶታል። የኅዳርና የታኅሣሥ አየራችንን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። እንጨቱ ከውጭ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ሆነ፤ ከታች እስከ ወገቡ ጧ ብሎ ተከፈለ።

ያወጣው ልጅ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ጎጃሜው ነው። ሌሊቱን አልተኛም። «ሌላ እንጨት ለመግዛት ከቁራሽ የተረፈኝን ድርቆሽ ሸጬ እከፍላለሁ» አለኝ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኩት። ጥላ ውስጥ ይድረቅ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ልጅ ደግሞ የሚሠራውን ቶሎ ማየት ይወዳል።

ጠጋግነን እናየዋለን ብለናል። ስንጥቁን በኮላና በደቃቅ ሰጋቱራ ሞላሁት፤ በገመድ አስሬ አጠበቅሁት። ቆዳው ሲለብስ ዙሪያውን እርጥብ ጠፍር እናዞርበታለን። ጠፍር ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ እንደ ብረት ቀለበት ይይዘዋል።

ታኅሣሥ 11

ሁለተኛው ገበቴ ተፈልፍሎ አለቀ። የእንጨቱን ጫፎች በሰም ቀባን። በጎጆው ጨለማ ጥግ ገለባ ውስጥ ቀበርነው። ጎጃሜው ጠባቂው ነው፤ ማንንም አያስጠጋም።

ታኅሣሥ 25

የከበሮው ቀን። ከሥራው ሁሉ ይህን እወደዋለሁ።

ከበሮው የቆየ ነው። የትንሹ ፊት ቆዳ ተቀዷል፤ የትልቁ ላልቷል። እንጨቱ ግን ደህና ነው። በጨው የደረቀ የበሬ ቆዳ ከደብረ ብርሃን ቆዳ ነጋዴ ገዛሁ። ሁለት ቀን ወንዝ ውስጥ ዘፈዘፍነው። ጠጉሩን በቢላ ፋቅን። ፊቱን ያለማጠፍ፣ ያለማሳሳት መፋቅ ቀላል አይደለም። የመርሐቤቴው ልጅ አባቱ ቆዳ ሲፍቁ እያየ ስላደገ እጁ የተባረከ ነው።

ከዚያ ሁለቱን ፊቶች አልብሰን በጠፍር ከላይ እስከ ታች ወጠርን። አንዱ ይስባል፣ አንዱ በጉልበቱ ይይዛል፣ ሌላው ያስራል። አንድ ጠፍር ከበዛ ሌላው ይላላል፤ ፊቱ ይጣመማል። ሦስት ጊዜ ፈትተን አሰርን።

ሲያርፉ ትልቁ ተማሪ ለታናናሾቹ የከበሮውን ምሥጢር ነገራቸው። ሰፊው ፊት የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ መሆኑን፣ ዙሪያውን የተወጠረው ጠፍር የጌታ ግርፋት መሆኑን። ትንሹ ልጅ ጠፍሩን በጣቱ እየዳሰሰ ሰማ። ያን ሁሉ ቀን ሲጎትተው የዋለው ጠፍር ነው።

ጥላ ውስጥ ሰቀልነው። ፀሐይ ላይ ላውጣው ያለ የለም።

ታኅሣሥ 29፣ ሰኞ፣ የገና ዕለት

ለበገና አውታር የበግ አንጀት ያስፈልጋል። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ ስለነበረ በመንደሩ በግ የሚያርድ አልነበረም። ስለዚህ ገናን ጠብቀን ነበር። የመንዝ በግ በሚረባበት አገር በገና ቀን አንጀት የማይገኝበት ቤት የለም።

ልጆቹ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዳቸው ወረዱ፤ ዛሬ ግን ከአኩፋዳው ሌላ ባልዲ ይዘዋል። ሰዉ ግራ ገባው። አንዲት እናት ልጆቹ «በእንተ ስማ ለማርያም፣ ደግሞም አንጀት» ሲሏቸው ሳቁና «አንጀቴንማ ሁልጊዜ ትበሉታላችሁ፤ ዛሬ ደግሞ የበጉን ውሰዱ» አሏቸው። ልጆቹ እየተሳሳቁ ይህን ሲያወሩ አመሹ። እኔም ቤት ስደርስ ለባለቤቴ ነገርኳት።

የሰባት በግ ቀጭን አንጀት ተገኘ። የአንድ በግ ቀጭን አንጀት ሲዘረጋ ከሃያ ሜትር በላይ ነው። ልጆቹ አላመኑኝም። ሜዳው ላይ ዘርግተን በእርምጃ ለካነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እስከ የኔታ ጎጆ ደረሰ። ለሥራው ከሚያስፈልገን በላይ ነው፤ ግን መበጠስ አለ፤ መበላሸት አለ።

ጥር 2

ሽታው ከባድ ነው። መጻፍ ስላለብኝ እጽፈዋለሁ። ሌላ ሰው ሊሠራው ከፈለገ ከቤት ራቅ ያለ ቦታ ይምረጥ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንጀቱ በወራጅ ውሃ ታጠበ። ሳንቃ ላይ ተዘርግቶ በቢላ ጀርባ ተፋቀ። ስቡና ስጋው እየተገፋ ይወጣል፤ የሚቀረው ስስና ጠንካራ ሽፋን ነው። በአመድ ውሃ ሁለት ቀን ተዘፈዘፈ፤ ውሃው ጠዋትና ማታ ተቀየረ። ከዚያ ሁለት ልጆች ትይዩ ቆመው ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይገምዱታል። ለቀጭኑ አውታር ጥቂት ክር፣ ለወፍራሙ ብዙ ክር። የተገመደው ከእንጨት ይታሰራል፤ በሌላው ጫፍ ድንጋይ ይንጠለጠልበታል። ተወጥሮ መድረቅ አለበት። ላልቶ ከደረቀ ይቆረፍዳል፤ ድምፁ ይሰባበራል።

ሁለቱን ገመድ ሌሊት ውሻ በላው። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ተራ ገብተው ይጠብቃሉ።

ጥር 11፣ ቅዳሜ፣ ጥምቀት

ከትላንት ከተራ ጀምሮ ከልጆቹ ጋር ነኝ። ታቦቱ ሲወርድ ከበሮው ተመታ። ሌሊቱን ጭጋግ ወርዶ ቆዳው ለስልሶ ነበር። ጠዋት ላይ ለእሳት ትንሽ አስጠጋነው። እንደገና ሲመታ ዱብታው ከሸለቆው ማዶ ተመለሰ።

ብዙ አልጽፍም። አንድ አዛውንት መሪጌታ ከበሮውን በእጃቸው ዳብሰው «ማን ወጠረው?» አሉ። «እነዚህ ልጆች» ሲባሉ አንድ በአንድ መረቋቸው። የመርሐቤቴው አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ልጆች ሲመሰገኑ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ።

ጥር 30

ገበቴዎቹ ደረቁ። ሁለተኛው አንዲት ስንጥቅ የለውም። የመጀመሪያውም ጠገናው ይዟል።

የጥጃ ቆዳ አርሰን ፊታቸውን አለበስን። ምሰሶዎቹን ተከልን፤ ቀንበሩን ከላይ አሳረፍን። ቀንበሩ ላይ ዐሥር ቀዳዳ በድሪል በሳሁ። መቃኛዎቹን ልጆቹ በሞረድ አለሰለሱ። እያንዳንዱ መቃኛ ለቀዳዳው ልክ መሆን አለበት፤ ከላላ አውታሩ ይለቃል፣ ከጠበቀ ቀንበሩ ይሰነጠቃል።

ሥራው አምሽቶ እሳት ዳር ተቀመጥን። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ልጆቹ ደበሏቸውን ለብሰው ተጠጋጉ። ትንሹ «ጋሼ፣ አባት እናት የሌላቸው ልጆች ሌላ አገር እንደኛ ይዘምራሉ?» አለኝ። የአርባ ልጆችን ታሪክ ነገርኩት። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ የሌላቸው ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። አርባውን ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላሉ፤ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እሳቸው ናቸው። አገራቸው ተቃጥሎ የወጡ ልጆች በሰው አገር የመለከት ድምፅ አሰሙ።

ትንሹ ትንሽ አሰበና «ማን ያበላቸው ነበር?» አለ። የሱ ጥያቄ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። እናቱ ስትሞት ነው ወደ የኔታ የመጣው።

የካቲት 14

በገናው ተናገረ።

ዐሥሩ አውታር ከመቃኛው ወርዶ በገበቴው ግርጌ ታሰረ። ከሥሩ አውታሩን የሚደግፈው በርኩማ ቆመ። ዳዊት ዐሥር አውታር ባለው በገና ዘምሩለት ያለውን ልጆቹ በቃላቸው ያውቁታል፤ ሲደግሙት ኖረዋል። አሁን ፊታቸው ቆሞ ሲያዩት አንድ በአንድ ቆጠሩት። አንዱ «ዐሥርቱ ትእዛዛት» አለ፤ ሌላው እንደገና ቆጠረ።

ለመቃኘት ከደብረ ብርሃን አንድ ዲያቆን አመጣሁ፤ በገና የተማረ ነው። መጀመሪያ ሲነካው ድምፁ ባዶ ነበር። እንዝራ ገና አልገባማ። እንዝራ ማለት በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። በገናን በገና የሚያደርገው ያ ንዝረት፣ ያ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ፣ ከሱ ነው የሚመጣው። ክራር ይህ የለውም። እንዝራውን በጣም ትንሽ፣ የፀጉር ያህል፣ ወደፊትና ወደኋላ መግፋት ያስፈልጋል። አንዱ ላይ ሩብ ሰዓት ፈጀን፤ ሌላው ወዲያው እሺ አለ። ዐሥሩን ለማስገባት እስከ ማታ ቆየን።

ዲያቆኑ በትዝታ ቅኝት ቃኘው። በግራ እጁ ነው የሚመታው። ከዐሥሩ ስድስቱን ነው የሚነካ፤ የተቀሩት ጣቱ የሚያርፍባቸው ናቸው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ገረማቸው፤ «ታዲያ ለምን አሰርናቸው?» አሉ። «ጣት ማረፊያ ከሌላት ሌላውን በልክ አትመታም» አላቸው።

ከዚያ መታ። ጎጆው ሁሉ ጸጥ አለ። የኔታ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣል አድርገው ሰሙ። ሲጨርስ «እስቲ ድገመው» አሉ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

በተጠገነው በገና ላይ ሲሞክረው ድምፁ ትንሽ ወፈር ያለ፣ ጎርናና ነው። አስቀያሚ አይደለም።

የካቲት 24፣ እሑድ፣ ዘወረደ

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ከበሮው ተሰቀለ፤ ጸናጽሉም ተቀመጠ። እስከ ፋሲካ የሚሰማው ጾመ ድጓና መቋሚያ ነው። ለልጆቹ አሁን የበገና ጊዜ ነው። ዲያቆኑ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ሦስቱን ያስተምራል።

መጋቢት 4

የትኛው በገና ይሸጥ? እኔ የተጠገነውን ለመሸጥ አስቤ ነበር፤ በርካሽም ቢሆን። ጥሩው ለልጆቹ ይቅር አልኩ። ትልቁ ተማሪ አልተስማማም። «ለእማሆይ የተሰነጠቀውን ዋጋ እንሰጣቸዋለን?» አለኝ። ሌሎቹም ከሱ ጋር ሆኑ። ጎጃሜው ብቻ ዝም አለ፤ በኋላ «የተሰነጠቀው በኔ ነው፤ እኔ ልማርበት» አለ።

ጥሩው በ4,500 ብር ተሸጠ። የገዛው አዲስ አበባ በገና የሚማር ሰው ነው። እንጨቱና ቆዳው የወሰደውን እኔ ቻልኩ፤ ስለዚህ ገንዘቡ ሙሉ ለሥራው ሆነ። ሦስት ብርድ ልብስ፣ ሃምሳ ኪሎ ገብስ፣ ሳሙና፣ አጣናና ሚስማር ገዛን። የቀረው ለሣር ማጓጓዣ ነው።

መጋቢት 11

የእማሆይ ጣሪያ ዛሬ ተከደነ።

ስለ ሣሩ ልንገራችሁ። መንዜው ገና ሲጀመር «ሌላ ሣር አትክደኑ፤ ጓሳ ይሻላል» ብሎ ነበር። ጓሳ ጠንካራ ነው፤ ዝናብ ቶሎ አያበሰብሰውም። በመንዝ የጓሳን ሜዳ የአገሩ ሰው ራሱ ለዘመናት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ዘግቶ ያሳድገዋል፣ በወቅቱ ከፍቶ ያጭዳል። የጥንቱ ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። መንዜው ይህን ሲናገር ደረቱ ይነፋል፤ ሊነፋም ይገባዋል። አጎቱ በወቅቱ ታጭዶ የተቀመጠ ጓሳ በአይሱዙ ላከልን።

ደቦ ጠራን። መንደሩ ወጣ። ወንዶቹ ጣሪያ ላይ፣ ልጆቹ ሣር እያቀበሉ፣ ሴቶቹ የጾም እንጀራና ሽሮ ይዘው። የድሮው ሣር ሲወርድ ጥቀርሻው ዓይን ያጠፋል። ከሥሩ የበሰበሱ ሁለት ማገሮች ተገኙ፤ እኔ ቀየርኩ። እማሆይን ጎረቤት አስቀምጠናቸው ነበር። ቢመክሯቸውም አልተቀመጡም፤ በየሰዓቱ እየመጡ «ልጆች በላችሁ?» ይላሉ። ዓይናቸው አያይም፤ በድምፅ ነው የሚለዩን። ልጆቹ ከሰጧቸው ብርድ ልብስ አንዱን ሲነኩት «ይሄማ ለሙሽራ ነው» አሉ።

ማታ ሲጨርሱ የኔታ ራሳቸው የጣሪያውን ጉልላት አሰሩ። ሰባ ዓመታቸው ነው። ማንም ሊከለክላቸው አልደፈረም።

መጋቢት 15፣ እሑድ፣ መፃጉዕ

ዛሬ በቤተ ክርስቲያን የተነበበው ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው ሰው ታሪክ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ወጡ። በገናውን ጎጃሜው ተሸክሞታል፤ በነጠላ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን።

አራት ቤት ሄድን። በመጀመሪያው እግራቸው የማይንቀሳቀስ አባት አሉ። ልጆቹ መጀመሪያ ገብሱን አስቀመጡ፤ ከዚያ ቤቱን ጠረጉ፤ ውሃ ቀዱ። ከዚያ ጎጃሜው አልጋው አጠገብ ተቀምጦ በገናውን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ገና ስድስት ሳምንት ሳይሞላው የተማረ ልጅ ነው። ጣቱ ይሳሳታል። አባት ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲያልቅ «ከቤተ ክርስቲያን የቀረሁት ሦስት ዓመቴ ነው፤ ዛሬ ቤተ ክርስቲያኗ እዚህ መጣች» አሉ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቤት አጭር ነበር። አንዷ እናት ተኝተው ስለነበር ልጆቹ ድምፅ ሳያሰሙ ብርድ ልብሱን ከላያቸው ጣል አድርገው ወጡ። ለእሳቸው ሌላ ቀን እንመለሳለን።

የመጨረሻው የእማሆይ ቤት ነው። አዲሱ ጓሳ ሽታው ደስ ይላል። በገናው ተመታ፤ ታናናሾቹ ጾመ ድጓቸውን ቀስ ብለው አዜሙ። እማሆይ ወገባቸውን ይዘው እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ።

ስንወጣ ጠሩን። «የዛሬን ቁራሽ ሳትወስዱ?» አሉ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔም ምን እንደምል አላወቅሁም። ትንሹ ልጅ አኩፋዳውን አስተካከለ። ወደ ደጃፉ ተመለሰ። እግሩን ገጥሞ ቆመ። ባለ በሌለ ድምፁ «በእንተ ስማ ለማርያም!» አለ።

ቁራሹን ተቀበለ።

ስድስተኛው አውታር ማታ ሳየው ላልቷል፤ አንድ ክሩም ተበጥሷል። መቀየር አለበት። የበግ አንጀት ግን እስከ ፋሲካ አይገኝም። ከጥር የተረፈውን ገመድ ነገ ከጎጆው ጣሪያ አውርጄ አየዋለሁ።